በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ

እማዬ ኮምፒውተር አትነካም። አንድ ነገር ግን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ቡሹሎ ባለው ቤታችን፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ የተቀመጠችው አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ የአባባ ቪዲዮ አለ። እህቴ የተመረቀች ቀን አባባ ከመቀመጫው ተነስቶ ሲመርቃት የሚያሳይ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። በስልኬ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ስልኬ ሲሞላብኝ ከሌሎች ፎቶዎች ጋር ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩትና ከስልኩ አጠፋሁት። "ኮምፒውተር ላይ አለ" ማለት ያኔ ለእኔ "ባንክ ተቀምጧል" እንደማለት ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ የአባባ ሙት ዓመት ሁለት ቀን ሲቀረው እማዬ "ዘመድ ሲሰበሰብ እንድናየው እስቲ አሁን ሞክርልኝ" አለችኝ። ሞከርኩ። አልተከፈተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ለአንድ ሥራ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አስፈልጎኝ ነበር። ክፍያው በዶላር ነው፤ እኔ ደግሞ የዶላር ካርድ የለኝም። እንደ ብዙዎቻችን "ክራክ" ፈልጌ አወረድኩ። ከፋይሉ ጋር የመጣው መመሪያ የመጀመሪያ መስመር "መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ" ይላል። አጠፋሁ። ፋይሉን ስከፍተው ዊንዶውስ አፕዴት እያደረገ ነው የሚል መስኮት መጣ። "እሺ ይጨርስ" ብዬ ትቼው ወጣሁ።

መስኮቱ የውሸት ነበር። እኔ ሐይቁ ዳር ንፋስ ስቀበል ቫይረሱ ፋይሎቻችንን አንድ በአንድ እየቆለፈ ነበር። ከዚያ በኋላ ለቀናት ኮምፒውተሩን ልብ ብዬ አላየሁትም፤ ያወቅኩት እማዬ ቪዲዮውን ስትጠይቀኝ ነው። የእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደላት ተጨምረዋል። በየፎልደሩ ውስጥ ደግሞ አንድ ደብዳቤ አለ። ፋይሎችህን ለማስፈታት 980 ዶላር ክፈል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገርከን 490 ይበቃናል ይላል። ቅናሽ መሆኑ ነው! በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 980 ዶላር ከ50 ሺህ ብር በላይ ነበር። 72 ሰዓቱም አልፏል።

በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ይህ ቫይረስ "ስቶፕ" ወይም "ዲጅቩ" የሚባል የቤዛ ቫይረስ ዘር ነው። የሚያጠቃው በብዛት ባንኮችን አይደለም፤ እንደ እኛ ያለ ተራ ቤተሰብን ነው። ዋነኛ መግቢያውም ክራክ ነው። ፋይል መቆለፉ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ብሮውዘር ላይ ያስቀመጥናቸውን ፓስወርዶች የሚሰርቅ ሌላ ቫይረስ አብሮት ይገባል። ስለዚህ የተጠቃ ሰው መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ይንቀል፤ ከዚያ በሌላ ንጹህ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የኢሜይሉን ፓስወርድ ይቀይር፣ ቴሌግራሙ ላይም የማያውቀው መሣሪያ ካለ ያስወጣ።

መፍትሔ ፍለጋ ብዙ ሌሊት አደርኩ። ኤምሲሶፍት የተባለ ድርጅት በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የዚህን ቫይረስ 148 ዓይነቶች ሊፈታ የሚችል ነፃ መሣሪያ አውጥቷል። ሞከርኩት፤ የእኔ ከዚያ በኋላ የመጣ ዓይነት ሆነ። የሚያሳዝነው፣ ቫይረሱ ሲቆልፍ ከጌቶቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ካቃተው አብሮት በመጣ ቁልፍ ይጠቀማል፤ ያ ቁልፍ አንድ ቀን ሊገኝ ይችላል። የእኔ ኢንተርኔት ግን በዚያን ቀን ከመቼውም የተሻለ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ የማማርረው ሰውዬ፣ በዚያች ቀን እንኳ ቢጠፋልኝ ኖሮ!

ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ "ኤክስተርናሊቲ" ለፈተና ሸምድጃለሁ። አንዱ በሚያደርገው ነገር፣ በውሳኔው ውስጥ የሌለ ሌላ ሰው ዋጋ ሲከፍል ማለት ነው። ትርጉሙ የገባኝ ግን የእማዬን ፊት ያየሁ ዕለት ነው። ክራኩን በነፃ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የከፈለችው እሷ ናት። ፍላሽም እንደዚሁ ነው። አንዱ ልጅ ቫይረስ ያለበትን ፍላሽ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ ከእሱ በኋላ አሳይንመንት ሊያሳትም የመጣው ሁሉ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቫይረስ ስንል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ጥቁር ኮፍያ የደፋ ሀከር ነው። እውነታው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሩን የሚከፍተው የቤቱ ባለቤት መሆኑ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ያወጣውን ሪፖርት ውሰዱ። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ላሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የመሰለያ ሶፍትዌር የሚጭን ሊንክ በኢሜይል ተልኮላቸው ነበር። ሊንኩ የታወቀ የቪዲዮ ገጽ አስመስሎ ይከፈትና "ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርህን አፕዴት አድርግ" ይላል። ሶፍትዌሩ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት ነው። ለመንግሥታት የሚሸጥ የስለላ መሣሪያ እንኳ ለመግባት የተጠቂውን አንድ "እሺ" ይፈልግ ነበር።

ያለ እኛ "እሺ" የሚገባም አለ፣ አልዋሽም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ማንም ምንም ሳይነካ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ ከ150 በላይ አገሮችን አዳርሷል፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መልሰዋል። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። እኛ ደግሞ አፕዴት የምንዘጋው ዳታ እንዳይበላብን ነው። የዳታውን ዋጋ አውቃለሁ፤ እኔም እዘጋ ነበር። አሁን ግን የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ኮምፒውተሩ ሌሊት እንዲያወርድ አደርጋለሁ። በነገራችን ላይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ 11 የሚሸከም ከሆነ ቀይሩት።

አሁን ቤታችን ውስጥ ያለው ሕግ ቀላል ነው። "አንቲቫይረስህን አጥፋ" የሚል ማንኛውም ነገር አይጫንም፣ በቃ። ከዊንዶውስ ጋር በነፃ የሚመጣው ዲፌንደር ለተራ ቤት በቂ ነው፤ በርቶ እስከቆየ ድረስ። በክራክ ፋንታ በእውነት ነፃ የሆኑ አሉ፤ ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለቪዲዮ ሾትከት። መጀመሪያ ይጎረብጣሉ፣ ይለመዳሉ።

የፋይል ጅራት እንዲታይ አድርገናል። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ "ቪው" ውስጥ ገብታችሁ "ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። "የምርቃት ፎቶ" ተብሎ በቴሌግራም የመጣላችሁ ፋይል ጅራቱ "ዶት ኢኤክስኢ" ከሆነ ፎቶ አይደለም፤ ፕሮግራም ነው። አትክፈቱት።

ፍላሽ ሲሰካ ከመከፈቱ በፊት በዲፌንደር ስካን ይደረጋል። ፋይሎቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው ደግሞ አትደንግጡ፣ አትጫኗቸው፣ ፎርማትም አታድርጉ። ሾርትከት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ደብቆት እንጂ አጥፍቶት አይደለም። ስካን አድርጉና "ሂድን አይተምስ" የሚለውን አብሩ። አሁንም ካልታዩ "ኦፕሽንስ" ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሱ። ስንት ልጅ መመረቂያ ጽሑፉ በቦታው እያለ ፎርማት አድርጎ አልቅሷል!

ከሁሉም በላይ ግን ቅጂ። የማይተካ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ካለ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። የጉግል ድራይቭ ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ለቤተሰብ ምርጥ ፎቶዎች ይበቃል። ሌላ ቅጂ በፍላሽ ወይም በኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ይቀመጥ፣ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ግን ንቀሉት። ተሰክቶ የዋለ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።

ገንዘቡን አልከፈልኩም። አቅሙም አልነበረኝ፤ ቢኖረኝም ሌባ ቁልፍ ለመመለሱ ዋስትና የለም። የተቆለፉትን ፋይሎች ግን አልጣልኳቸውም። የሆላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከሁለት የደህንነት ኩባንያዎች ጋር በ2008 ዓ.ም. የጀመሩት "ኖ ሞር ራንሰም" የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ አዳዲስ መፍቻ በተገኘ ቁጥር በነፃ ያወጣል። አልፎ አልፎ ገብቼ አያለሁ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ዘመድ ተሰበሰበ። እህቴ በዚያን ጊዜ ቪዲዮውን ቆርጣ ለአንዲት ጓደኛዋ በቴሌግራም ልካላት ነበርና፣ ከዚያ 40 ሰከንድ ያህሉ ተገኘ። አባባ "ልጄ፣ እንዳኮራሽኝ..." ሲል ይቋረጣል። ቀሪውን እማዬ በቃሏ ጨረሰችው። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ያቺ 40 ሰከንድ አሁን አራት ቦታ አለች። እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ቤታችሁ ያለች አንዲት የማትተካ ፋይል አስቡና ሌላ ቦታ ገልብጧት። ዛሬ፣ አሁን።