ንክሻ በኩንታል

ቦረና ውስጥ፣ ሜጋ ላይ የእንስሳት ሐኪም የሆነ ሰው የጅብ ንክሻ ሳያይ አይከርምም። ከሶዳ ሐይቅ ጨው የምታመላልስ አህያ ደጅ ካደረች፣ ጠዋት የኋላ እግሯን እየጎተተች ትመጣለች። ከላይ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ጣት የማያስገቡ ሁለት ቀዳዳዎች። ጸጉሩን ላጭቼ ዙሪያውን ስጫነው ግን ሥጋው ውስጥ ውስጡን ደቅቋል፣ አጥንቱም ከጣቴ ሥር ይንኮሻኮሻል። የነካሹን ጉልበት የማውቀው ከዚህ ነው። ባለቤቱ «ዶክተር፣ ትድናለች?» ሲለኝ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ነካሹን አይቶት እንደሆነ ነው። ጉልበት የሌለው የውሻ ወይም የቀበሮ ንክሻ የእብድ ውሻ በሽታ ካለበት ከጅቡም ይከፋል።

የዳይኖሰር ተመራማሪዎችም ቁስል ያነብባሉ፤ ልዩነቱ የእነሱ በሽተኛ ከሞተ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ግሪጎሪ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ ታይራኖሶረስ ሬክስ የነከሰውን የትራይሴራቶፕስ ዳሌ መረመሩ። አንዱ ቀዳዳ 11.5 ሚሊሜትር ይጠልቃል። የነካሹን ጥርስ ቅርጽ ከነሐስና ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠርተው፣ በማሽን የላም ዳሌ ላይ ያንኑ ያህል እስኪጠልቅ ገፉት። የወጣው ቁጥር 6,410 ኒውተን ነው። በእኛ ሚዛን ስድስት ኩንታል ተኩል፣ ያውም በአንድ ጥርስ።

ይህ እንግዲህ የዚያች የአንዷ ንክሻ ልክ ነው፤ እንስሳው ቢያመርር ኖሮ ሌላ ይሆን ነበር። በ2012 ካርል ቤትስና ፒተር ፎኪንግሃም የራስ ቅሉን በኮምፒውተር ጡንቻ አልብሰው ሲያሰሉ፣ በኋለኞቹ ጥርሶች ላይ ከ35,000 እስከ 57,000 ኒውተን አገኙ። ትልቁ ቁጥር 58 ኩንታል ገደማ ነው። በ2017 ኤሪክሰንና ፖል ጊግናክ ደግሞ ከ8,526 እስከ 34,522 ኒውተን ነው አሉ። ጡንቻው በስብሶ ስለጠፋ ቁጥሩ የሚወሰነው ተመራማሪው በሚያለብሰው ሥጋ ነው። እኔ ወደ ዝቅተኛው አደላለሁ፤ አጥንት ለመስበር ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የእኛ ጅብ በተለካበት ጊዜ 4,500 ኒውተን ነው የነከሰው፤ በዚያው ጉልበት የአህያ ጭን ሰብሮ መቅኒውን ይበላል። እዳሪው የሚነጣው ከሚውጠው አጥንት ነው። በካናዳ ሳስካቸዋን የተገኘውና በ1998 ይፋ የሆነው የታይራኖሶረስ ሳይሆን አይቀርም የተባለ ቅሪተ እዳሪም በአጥንት ስብርባሪ የተሞላ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ አሎሶረስ ነው። ያን የሚያህል ሥጋ በል፣ ኤሚሊ ሬይፊልድ በ2001 ስታሰላው ንክሻው ቢበዛ 2,148 ኒውተን ሆነ፤ የጅብን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የራስ ቅሉ ግን ከ55,000 ኒውተን በላይ ይችላል። መንጋጭላው ያጣውን ጉልበት ከአንገቱ ሳያመጣ አይቀርም፤ ከላይ ወደ ታች በጭንቅላቱ እየመታ። ግመል ለሚያረባ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ወንዱ ግመል ሴት በሚፈልግበት ወቅት ሰው ክንድ ላይ ክራንቻውን ሲያሳርፍ ጉዳቱ ከመንጋጭላው ብቻ አይመጣም። ይዞ ያነሳል፣ ያራግፋል፤ ክንድ የሚሰበረውም ያኔ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አሳጥቤ ወደ ጤና ጣቢያ እሰደዋለሁ፤ የግመል አፍ ቆሻሻ ነው፣ ቁስሉ ቶሎ ያመረቅዛል።

ዕፅዋት በል ዳይኖሰሮች ላይ ሲደረስ ቁጥሩ ይወርዳል። ስቴጎሶረስ ከ166 እስከ 321 ኒውተን ይነክስ ነበር ተብሏል፤ ከበግና ከላም እኩል መሆኑ ነው። ጀርባው ላይ ያን ሁሉ የአጥንት ሳንቃ ተሸክሞ።

የእኛም አገር ዳይኖሰር አለው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካስቆጠረው የሙገር የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የሥጋ በል ዳይኖሰሮች ጥርሶች ወጥተዋል፤ ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በ1999 ጽፈውባቸዋል። ከነጠላ ጥርስ የባለቤቱን ምግብ መገመት ይቻላል። ንክሻውን በኩንታል ለመመዘን ግን ጡንቻው የሚያያዝበት የራስ ቅልና መንጋጭላ መገኘት አለበት።