የጃፓን ዐይነት ኩርሽም የሚል ሩዝና የሳልሞን ዓሣ በቤት ውስጥ በንጽሕና ስለ ማዘጋጀት

ምግብ ሰውነትን ይጠግናል፤ በጥንቃቄ ያልተዘጋጀ እንደ ሆነ ግን ያንኑ ሰውነት ይጐዳል። ይህን የማታውቅ እናት የለችም። ይሁን እንጂ የእናት ዕውቀት በለመደችው ምግብ ላይ ነው። ወጡ ማደሩን በጠረኑ፥ ወተቱ መኰምጠጡን በጣዕሙ ትለያለች። አዲስ ምግብ ወደ ቤት ሲገባ ግን ጠረኑም ጣዕሙም አይነግራትም፤ ስለዚህ አሠራሩን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም አስቀድማ መማር ይገባታል።

በዛሬ ጊዜ ልጆቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። አንዲት ልጅ ከአሜሪካ ለበዓል ስትመጣ እዚያ የለመደችውን ምግብ ለእናቷ ሠርታ ልታቀምስ ትወዳለች። ከነዚህም ምግቦች አንዱ ከላይ ተጠብሶ ኩርሽም በሚል ሩዝ ላይ የሚቀርበው የሳልሞን ዓሣ ነው። መልኩ ያማረ፥ ጣዕሙም ደስ የሚል ነው። ነገር ግን በውስጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ የቀዘቀዘ ሩዝ፥ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ጥሬውን የሚበላ ዓሣ። ሁለቱም ጥንቃቄ የሚሹ ናቸው።

ምግቡ ከየት መጣ?

ጃፓኖች ሩዝን እንደ እኛ እንጀራ በየዕለቱ ይበሉታል። በድስት ግርጌ ደርቆና ቡናማ ሆኖ የሚቀረውን ሩዝ «ኦኮጌ» ይሉታል፤ ይወዱታልም። ሩዙን በእጃቸው ጨብጠው ድፍን ካደረጉት በኋላ በፍም ላይ ሲጠብሱት ደግሞ «ያኪ ኦኒጊሪ» ይባላል። አሁን የምንነግራችሁ ምግብ ግን እንዲህ ሆኖ የታወቀው በአሜሪካ፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ ባሉ የጃፓን ምግብ ቤቶች ነው። ካትሱያ ኡዬቺ የተባለው ጃፓናዊ የወጥ ቤት ባለሙያ ቱና የተባለውን ዓሣ በዚህ ዐይነት በማቅረብ ስሙ ይነሣል። በኋላ ሌሎች በቱናው ፈንታ ሳልሞን አደረጉበት። ሩዙና የአኩሪ አተሩ ሶስ ከጃፓን፥ ማዮኔዙ ከአውሮፓ፥ በላዩ የሚደረገው ሃላፔኞ የተባለ ቃሪያ ከሜክሲኮ ነው። ስለዚህ የብዙ አገር ድብልቅ ምግብ ነው ማለት ነው።

ስለ ሩዙ ማወቅ የሚገባ

«ሩዝ ምን ያደርጋል? ንጹሕ እህል አይደለም እንዴ?» የምትል እናት ትኖራለች። እውነት ነው፥ ሩዝ ንጹሕ እህል ነው። ነገር ግን ከአፈር የመጣ ባሲለስ ሴሬውስ የተባለ ጀርም በጥሬው ሩዝ ላይ ይገኛል። ይህ ጀርም ዘር የመሰለ ጠንካራ ቅንጣት ስላለው፥ ሩዙ ሲፈላ ያ ቅንጣት ሳይሞት ይቀራል። የበሰለው ሩዝ ለብ እንዳለ በድስት ውስጥ ሲቀመጥ ቅንጣቱ ይነቃል፤ ጀርሙም ይራባል፥ መርዝም ያመነጫል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሩዙ እንደ ገና ሲጠበስ ጀርሙ ይሞታል፤ ያስታወከው መርዝ ግን በዘይት ግለት እንኳ አይጠፋም። ከላይ ወርቅ የመሰለ ቀለም ቢይዝ፥ ኩርሽም ኩርሽም ቢልም፥ ማታ በመደርደሪያ ላይ ያደረው ሩዝ መርዙ በውስጡ እንዳለ ነው። በጠረን አይታወቅም። የበላው ሰው ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስታውከዋል፤ ሌላው ዐይነት መርዝ ደግሞ ዘግየት ብሎ የሆድ ቍርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይሻለዋል፤ ሕፃን ግን ውሃው ቶሎ ስለሚያልቅበት ያሰጋል።

ስለዚህ የበሰለ ሩዝ ከእሳት በወረደ በ1 ሰዓት ውስጥ በሰፊ ዕቃ ላይ ተዘርግቶ መቀዝቀዝና ወደ ፍሪጅ መግባት አለበት። በፍሪጅም ከ1 ቀን በላይ መቈየት አይገባውም። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ሩዙ በተቀቀለበት ሰዓት መጠበስና መበላት አለበት፤ ማሳደር ፈጽሞ አይገባም። በሩዙ ላይ የሚጨመረው ኮምጣጤ ጀርሙን ያዳክመዋል፤ ይሁን እንጂ በቤት መጠን የተጨመረ ኮምጣጤ ይበቃል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ስለ ዓሣው ማወቅ የሚገባ

ሳልሞን በወንዝ ተወልዶ በባሕር የሚያድግ፥ ሥጋው ወደ ብርቱካን ቀለም የሚያደላ ዓሣ ነው። በአገራችን ሐይቆች አይገኝም። ብዙ ሰው ጃፓኖች ሳልሞንን ከጥንት ጀምሮ ጥሬውን ይበሉ የነበረ ይመስለዋል፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ጃፓኖች ሌላውን የባሕር ዓሣ ጥሬውን ሲበሉ፥ ሳልሞንን ግን ጨው ነስንሰው ይጠብሱት ነበር። ምክንያቱም በአካባቢያቸው ባሕር የሚያዘው ሳልሞን በሥጋው ውስጥ ትል እንዳለበት ያውቁ ነበር። በሰሜን በሆካይዶ ደሴት የሚኖሩት አይኑ የተባሉት ሕዝቦች ደግሞ ዓሣውን በክረምት ብርድ ውጭ አሳድረው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ በኋላ በስሱ እየቈረጡ ይበሉት ነበር፤ ስሙንም «ሩይቤ» ይሉታል። ጥሬ ሳልሞን በጃፓን የተለመደው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የኖርዌይ ሰዎች በግርግም አርብተው፥ በደረቅ መኖ ያሳደጉትን ሳልሞን ለጃፓኖች መሸጥ ጀመሩ። እንዲህ ያለው ዓሣ ትል ያለባቸውን ትንንሽ ዓሦች ስለማይበላ ትሉ በእርሱ ላይ እምብዛም አይገኝም።

ከዚህ የምንማረው ጥሬ ዓሣ የሚወዱት ሰዎች ራሳቸው ያለ ዘዴ እንዳልበሉት ነው።

በዓሣ ውስጥ ያሉት ትሎች በተለይ ሁለት ዐይነት ናቸው።

1ኛ፦ አኒሳኪስ የተባለው ቀጭን ትል ነው። ከጥሬ የባሕር ዓሣ ጋር ከተዋጠ የጨጓራን ግድግዳ ይወጋል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ የሆድ ሕመምና ማስታወክ ያመጣል።

2ኛ፦ የዓሣ ኮሶ ነው። ከጥሬ የከብት ሥጋ የሚገኘውን ኮሶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ይህም የእርሱ ወገን ነው። በሰው አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር እስኪረዝም ያድጋል፤ ለደም የሚያስፈልገውንም ቪታሚን ይሻማል።

አንዳንድ ሰዎች «ሎሚ ጨምቄበት፥ አዋዜ ነክሬው እበላለሁ፤ ትሉ ይሞታል» ይላሉ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚበሉ ብዙዎች ናቸው። ሎሚም፥ በርበሬም፥ አረቄም ትሉን ለመግደል እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። ትልን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ እሳት፥ ሁለተኛው እጅግ ብርቱ ቅዝቃዜ።

ቅዝቃዜው ምን ያህል ነው? ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ 7 ቀን ሙሉ መቈየት አለበት። የቤት ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አይበርድም፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ይቀልጣል። በአሜሪካ ገበያ «ለሱሺ የሚሆን» ተብሎ በዓሣ ላይ የሚጻፈውም ቃል በሕግ የተወሰነ ትርጕም የለውም። ስለዚህ በውጭ አገር የምትኖር ልጃችሁ ጥሬውን መብላት ከፈለገች «ይህ ዓሣ ትል እንዲገድል ተብሎ በርዷል ወይ?» ብላ ሻጩን ትጠይቅ። ከዚህም በላይ ቅዝቃዜ ትልን ይገድላል እንጂ ጀርምን ሁሉ አይገድልም። ነፍሰ ጡር ሴት፥ ሕፃን፥ ሽማግሌና በሽተኛ ከቶ ጥሬ ዓሣ መብላት አይገባቸውም።

በአገር ቤት ግን ምክራችን አንድ ነው፤ ዓሣውን አብስሉት። ምግቡ ኩርሽም የሚለው ከሩዙ ነውና ዓሣው ቢበስል ጣዕሙ አይጠፋም።

ለ6 ሰው የሚያስፈልገው

ሩዝ 2 ብርጭቆ፤ ውሃ 2 ብርጭቆ ከሩብ፤ ኮምጣጤ 4 የሾርባ ማንኪያ፤ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፤ አጥንት የሌለው ዓሣ 300 ግራም ያህል፤ ማዮኔዝ 2 የሾርባ ማንኪያ፤ የአኩሪ አተር ሶስ 1 የሻይ ማንኪያ፤ ድልህ ወይም ጥቂት ሚጥሚጣ፤ የሽንኩርት ቅጠል፤ ቃሪያ፤ የመጥበሻ ዘይት።

ሩዙ አጭርና ሲበስል የሚጣበቅ ቢሆን ይመረጣል። ሳልሞን ካልተገኘ የሐይቅ ዓሣ ይሆናል። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ይበቅልበታል፥ አጠገቡ ያለው ጣና ደግሞ ቆሮሶና አምባዛ ይሰጣል፤ ስለዚህ በዚያ አገር ያለች እናት ሁለቱንም ከደጇ ታገኛለች። የሐይቅ ዓሣ ግን ሁልጊዜ በስሎ ብቻ ይበላ። ማዮኔዝ በቤት ከጥሬ እንቍላል የሚሠራ ከሆነ ሌላ ጀርም ያመጣልና በብልቃጥ የታሸገውን ግዙ፤ ከሌለ ጥቂት ዘይትና ሎሚ ይበቃል።

አሠራሩ

1ኛ፦ እጃችሁን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጠቡ። ጥሬ ዓሣ የነካችሁ ጊዜም እንደ ገና ታጠቡ።

2ኛ፦ ሩዙን ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠቡት፤ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ከዚያ አጥልላችሁ በተለካው ውሃ ጣዱት። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፥ ድስቱን ክደኑና 15 ደቂቃ አቈዩት። አውርዳችሁ ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ ይረፍ።

3ኛ፦ ኮምጣጤውን፥ ስኳሩንና ጨውን አሟሙታችሁ በትኵሱ ሩዝ ላይ አፍስሱ፤ በእንጨት ማንኪያ በቀስታ አዋሕዱት።

4ኛ፦ ፍሪጅ ያላችሁ፥ ሩዙን በዝርግ ዕቃ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ኖሮት በደንብ ተጭናችሁ አስተካክሉት፤ እንፋሎቱ ሲወጣለት ከድናችሁ ቢያንስ 2 ሰዓት በፍሪጅ አቈዩት። ከዚያ በእርጥብ ቢላዋ በጣት ርዝመት ቍረጡት። ፍሪጅ የሌላችሁ፥ ሩዙ ለእጅ ሲመች በእርጥብ እጅ ጨብጣችሁ ትንንሽ ድፍን አድርጉትና ወዲያው ወደ መጥበስ ሂዱ።

5ኛ፦ ዓሣውን ጨው ነስንሳችሁ በጥቂት ዘይት ሁለቱንም ወገን ጥበሱት። የበሰለ ዓሣ መስታወት የመሰለው ብርሃኑ ጠፍቶ ይደፈርሳል፤ በሹካ ሲነካም እየተላጠ ይለያያል። መካከሉ እንደ ጥሬ ካብለጨለጨ አልበሰለም። ሲበስል ፈርፍራችሁ እሾሁን አንድ በአንድ ልቀሙ፤ ይህ በተለይ ለሕፃናት ነው።

6ኛ፦ ዓሣውን በማዮኔዝ፥ በሶስና በድልህ ለውሱት።

7ኛ፦ ዘይት በመጥበሻ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አግሉ። ሩዙን ሳታጨናንቁ አስገቡ፤ እያንዳንዱን ወገን 3 ወይም 4 ደቂቃ፥ ቀለሙ ወርቅማ እስኪሆን ጥበሱት። ቶሎ ቶሎ አታገላብጡት፤ ይፈርሳል። እርጥብ ሩዝ ዘይት ስለሚያፈናጥር ልጆችን ከምድጃው አርቁ። ዘይቱ ከተቀጣጠለ ውሃ አታፍሱበት፤ ክዳን ግጠሙበት፥ እሳቱንም አጥፉ።

8ኛ፦ የተጠበሰውን ሩዝ ዘይቱ እስኪንጠፈጠፍ አቈዩት፤ ዓሣውን በላዩ አድርጉ፥ ቃሪያና የሽንኩርት ቅጠል ጣል አድርጉበትና ወዲያው አቅርቡ።

ጥሬ ዓሣ የተከተፈበትን ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳታጥቡ ለቃሪያው ወይም ለበሰለው ዓሣ አትጠቀሙበት። ከገበታ የተረፈውም ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ከቈየ ይጣል። «ያሳዝናል፥ ለነገ ይሁን» አትበሉ፤ ለነገ የቈየው ሕመም ነው።

ሰው ቢታመም

ከበላ በኋላ ያስታወከ ወይም ያስቀመጠው ሰው የወጣውን ውሃ መተካት አለበት። ኦ.አር.ኤስ የተባለውን ሕይወት አድን ቅመም በማሸጊያው ላይ በታዘዘው ልክ በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱ አይከልከል። መጠጣት ያቃተው፥ ዐይኑ የጐደጐደ፥ ሽንቱ የቀነሰ፥ ወይም ደም የቀላቀለ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በአጭሩ፥ የዚህ ምግብ ንጽሕና በሦስት ነገር ይጠበቃል። ሩዙ ለብ ብሎ አይደር፤ ዓሣው እስከ መካከሉ ይብሰል፤ የጥሬውና የበሰለው ቢላዋ አይቀላቀል። ይህን የምታደርግ እናት ልጇ ከሩቅ አገር ያመጣችውን ምግብ ያለ ሥጋት ለቤተ ሰቧ ታቀርባለች።