ጠያቂና አስታማሚ

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ መፃጉዕ ተብሎ በሚጠራው ዕለት፣ በየደብሩ የሚነበበው ወንጌል በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአልጋው ጋር ተጣብቆ የኖረውን ሕሙም ያነሣል፤ መምህራኑም ሲተረጉሙት፣ የዚያ ሰው መከራ ደዌው ብቻ እንዳልነበረ፣ ውሃው በተናወጠ ጊዜ ደግፎ የሚያወርደው ሰው ማጣቱ ከደዌው ያላነሰ መከራ እንደሆነበት ያስተምራሉ። በሌላ ስፍራ ደግሞ ወንጌል፣ አራት ሰዎች አንድን ሽባ ከነአልጋው ተሸክመው እንደመጡና፣ ደጁ በሕዝብ ቢዘጋባቸው ጣራ ነድለው ወደ መድኃኒቱ እንዳወረዱት ይነግረናል። ሁለቱም ከደዌያቸው ተፈውሰዋል፤ ነገር ግን አንደኛው ሰው ስለነበረው ፈጥኖ ሲደርስ፣ ሌላው ሰው ስላልነበረው ዕድሜውን በመጠበቅ ጨረሰ።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና አለፍ ብሎ የሚገኘው ዓለም ባንክ፣ በባንኩ ብድር ከተሠሩት ቤቶች ስሙን የወረሰ፣ ከጉራጌና ከስልጤ፣ ከሸዋና ከወሎ፣ ከጎጃምና ከወለጋ የመጣ ሰው አጥር ለአጥር ተያይዞ የከተመበት ሰፈር ነው። የነዋሪው የሥጋ ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ ስለሚቀር፣ አንድ ሰው ታሞ አልጋ የያዘ እንደሆነ ፈጥኖ የሚደርስለት አብሮ አደጉ፣ የሥራ ባልደረባው፣ የጽዋ ማኅበር ወንድሙ ወይም ቡና የሚጠራራው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህም ከሆስፒታል የተመለሰ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ለመለየት ብዙ ድካም የለም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ያንጠለጠለው ሁሉ ወደ አንድ አጥር ሲገባ ማየት ይበቃል።

ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ቡና ይፈላል፤ «እግዜር ይማርሽ»፣ «አላህ ያሽርሽ» ይባላል። ከዚያም ጨዋታው ይደራና እያንዳንዱ ጠያቂ ስለ ራሱ ወይም ስለ አክስቱ ልጅ ኦፕራሲዮን መተረክ ይጀምራል፤ ያ የአክስት ልጅ ደግሞ፣ ምክንያቱ ባይታወቅም፣ በታሪኩ መጨረሻ ሁልጊዜ ሞቶ ይገኛል። ሕመምተኛዋ ትራሷን ተደግፋ ፈገግ ለማለት ትታገላለች፤ ሽንት ቤት መሄድ ብትፈልግ እንኳ ያን ሁሉ እንግዳ አልፋ መውጣት ያሳፍራታል።

ይህን የምጽፈው ጠያቂን ለመንቀፍ አይደለም። ሕሙማንን መጎብኘት በክርስትናው በዕለተ ደይን ከሚጠየቁት ምግባራት አንዱ ነው፤ በእስልምናውም ሙስሊም በሙስሊም ወንድሙ ላይ ካሉት መብቶች መካከል ይቆጠራል፤ ጠያቂ ያጣ ሕመምተኛ ሐዘኑ ከሕመሙ እንደሚብስ ያልታመመም ያውቀዋል። ነገር ግን ጠያቂ መጥቶ ይሄዳል፤ አስታማሚ ይቀራል። ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከብዙ ጠያቂ ይልቅ አንድ ደኅና አስታማሚ የሚሻ ነገር ነው፤ ሐኪሙ የራሱን ሥራ በሰዓታት ፈጽሞ፣ ሕመምተኛውን ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቤቱ ሲሸኘው፣ ቁስሉ የሚድነው በቤት ነውና። የሆድ ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል፤ ከቆዳው በታች ያለው ሥጋ ግን ኃይሉን የሚያገኘው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ ሆዱ ተከፍቶ የታከመ ሰው 6 ሳምንት ያህል ከባድ ዕቃ እንዳያነሣ ይመከራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ የጠያቂው ጎርፍ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ፈስሶ ያልቅና፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጀሪካን የሚያነሣ ሰው በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ደጁን የሚያንኳኳ ይጠፋል።

በዚሁ ሰፈር የማውቃቸው፣ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ፣ አንዲቱ ያለ ሁለተኛይቱ ቡና የማትቀምስ ሁለት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ የሐሞት ጠጠር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና በተቀጠረላት ጊዜ፣ ባልንጀራዋ ማስታመሙን የጀመረችው ከዋዜማው ነበር፤ ምክንያቱም አንዲት ደግ ጎረቤት «በባዶ ሆዷ እንዴት ትችለዋለች?» ብላ በሌሊት ትኩስ አጥሚት ይዛ መጥታ ነበርና ነው። ባልንጀሪቱ አመስግና ተቀብላ፣ አጥሚቱን ራሷ ጠጣችው። ብዙ ቤተሰብ የጾሙን ትእዛዝ የሐኪም ጭካኔ እያደረገ ያየዋል፤ ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ማደንዘዣ ሰውን ሲያስተኛ የጉሮሮውንም ዘብ አብሮ ስለሚያስተኛ፣ በሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ሊገባና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከማደንዘዣው በፊት ቢያንስ 6 ሰዓት ከምግብ፣ 2 ሰዓት ደግሞ ከንጹሕ ውሃም መከልከል የተለመደ ሥርዓት ነው፤ ሐኪሙ ከዚህ አስረዝሞ ያዘዘም እንደሆነ ያው ይጠበቃል። ተደብቆ ያጎረሰ ወዳጅ ቢኖር ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ቀጠሮ ቢተላለፍ ከሞት ይሻላልና።

ከቀዶ ሕክምናው በማግሥቱ ከተደረገው ሁሉ ያስገረመኝ ግን የመራመዱ ጉዳይ ነው። በኛ ልማድ የታመመ ሰው ክብሩ መተኛቱ ነው፤ ተነሥቶ የተገኘ እንደሆነ አስታማሚው «አንተ ባለህበት እንዴት ይነሣል?» ተብሎ ይወቀሳል። ዛሬ ሐኪሞች የሚያዙት ተቃራኒውን ነው፤ የሚከለክል ነገር ከሌለ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ከአልጋ መውረድን ያዛሉ።

«ተይኝ እስቲ፤ ስፌቱ ይተረተራል!»

«አይተረተርም፤ ዶክተሩ ሲናገር አብሬሽ አልነበርኩም? ትራሱን ሆድሽ ላይ እቀፊው። እስከ በሩ ብቻ።»

እስከ በሩ ሄዱ፤ ከበሩም ወደ ኮሪደሩ መስኮት። ትራሱ ለጌጥ የተባለ አልነበረም፤ ሲያስሉና ሲነሡ ትራስን በቁስሉ ላይ አጥብቆ ማቀፍ ሕመሙን ያበርደዋል፤ ማሳልና በጥልቅ መተንፈስ ደግሞ ተኝቶ በሚውል ሰው ሳንባ ውስጥ አክታ እንዳይቋጠርና የሳንባ ምች እንዳይከተል ይረዳል። መራመዱ ደም በእግር ሥር ውስጥ እንዳይረጋ ይከላከላል፤ የረጋ ደም ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ላይ የደረሰ እንደሆነ ሰውን በደቂቃዎች ሊቀጥፍ የሚችል ነው። ስለዚህ አንድ እግር ብቻውን ቢያብጥ፣ ቢያምና ቢግል፣ ወይም ትንፋሽ በድንገት ቢያጥር፣ «ነገ እናየዋለን» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ አስታማሚዋ የልጇን አሮጌ ደብተር ይዛ፣ መድኃኒት የተዋጠበትን ሰዓት፣ ትኩሳቱን፣ ሆድ ሠራ ወይስ አልሠራ የሚለውን ሁሉ መዘገበች። አንዳንድ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሆድ እንደሚያደርቅ ባታውቅ ኖሮ፣ ባልንጀራዋ አፍራ የደበቀችውን ነገር ማን ለሐኪሙ ይነግርላት ነበር? ጠያቂ በበዛ ጊዜ ደግሞ በር ላይ ቆማ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው ቁስል ያመረቅዛል የሚለውን የቆየ እምነት ተገን አድርጋ ግማሹን ከደጅ ስትመልስ አይቻለሁ። እምነቱን ሳይንስ አይደግፈውም፤ ቁስልን የሚያመረቅዘው በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ፣ ብዙ ጊዜም ባልታጠበ እጅ የሚጓዝ ነው፤ ነገር ግን ሽቶውም እጁም አብረው ስለተመለሱ ውጤቱን አልጠላሁትም። ቁስሉ ዙሪያው እየቀላ፣ እየጋለ፣ እያበጠ ከሄደ፣ መግል ወይም ክፉ ሽታ ካመጣ፣ ትኩሳትም ከጨመረ፣ ቅባትና ቅጠል ሳይፈልጉ ወደታከሙበት መመለስ ይገባል፤ የታዘዘውንም ጸረ ተሐዋሲ መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብሎ በመካከል ማቋረጥ አይገባም።

ባልንጀርነት እንዲህ በተራ ሰው ቤት የሚታይ ደግነት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ በሥርዓት ተደራጅቶ ሕክምና ሲሆን ያየንበት ስፍራ ከዓለም ባንክ ሩቅ አይደለም። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ይዞታ ላይ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት፣ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች የሥጋ ደዌን ሕክምና ሲያስተምር ኖሯል፤ የታጠፈች ጣትን ለማቃናት፣ የወደቀ እግርን ለማንሣት ጅማት ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛወርበት ረቂቅ ቀዶ ሕክምናም ይሠራበት ነበር። ከቤተ ዘመድ የተለዩት ድውያን ከዳኑ በኋላ መመለሻ እያጡ በሆስፒታሉ አካባቢ ጎጆ ቀለሱ፤ አንዱ የሌላው ቤተሰብ ሆነ።

የሥጋ ደዌ ክፋቱ ነርቭን አድክሞ ሕመም የሚባለውን ዘበኛ ከሥጋ ላይ ማባረሩ ነው። ተሐዋሲው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም እንኳ እጅና እግሩ የደነዘዘ ሰው፣ እሾህ ቢወጋው፣ ድስት ቢያቃጥለው፣ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም፤ ሳይሰማው የቆሰለው ቁስል አጥንት ደርሶ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሰዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አለርት በሥሩ ባለው አካባቢ የጀመረው ነገር ታዲያ እጅግ ቀላል ነበር፤ የታመሙት ራሳቸው በቡድን እየሆኑ እንዲሰበሰቡ፣ እግራቸውን በውሃ እንዲዘፈዝፉ፣ የደደረውን ቆዳ እንዲፍቁ፣ ቅባት እንዲቀቡ፣ የእያንዳንዱንም ቁስል እርስ በርስ እንዲተያዩ አደረገ። ዐይኑ የደከመ ሰው የእግሩን መዳፍ ማየት ስለማይችል ባልንጀራው ያይለታል፤ ጣት የሌለው ሰው ቅባት ስለማይጨብጥ ጣት ያለው ይቀባለታል። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የቡድኖቹ ቁጥር ከ70 በለጠ፤ ቁስላቸው ቀነሰ፤ ከዚያም በላይ፣ ከሰው ፊት ርቀው የነበሩት ሰዎች ወደ ገበያና ወደ ለቅሶ ቤት ለመሄድ ደፈሩ። ሐኪም በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚያየውን እግር ባልንጀራ በየጊዜው ያየዋል፤ የተአምሩ ምሥጢር ከዚህ የረቀቀ አልነበረም።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላ ታሪክ አለ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በወሊድ ምጥ ብዛት ፌስቱላ የደረሰባቸውን፣ ሽንታቸው ስለማይቆም ከባልና ከጎረቤት የተገለሉትን ሴቶች በቀዶ ሕክምና ሲያድኑ፣ ኋላም ሆስፒታላቸውን ሲያቆሙ፣ በአልጋው ዙሪያ ለማስታመም የመረጡት ብዙውን ጊዜ ያንኑ መከራ ያለፉትን ሴቶች ነበር። ገና በልጅነቷ ታክማ አገሯ ያልተመለሰችው ማሚቱ ጋሼ፣ አልጋ በማንጠፍና ሕሙማንን በማጽናናት ጀምራ፣ መሣሪያ በማቀበል ቀጥላ፣ ፊደል ሳትቆጥር ቀዶ ሐኪም እስከ መሆን ደረሰች፤ በ1981 ዓ.ም. ከሃምሊኖች ጋር የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሜዳሊያ ተቀበለች። ለፍርሃት የሚንቀጠቀጥን ሰው «እኔም በዚህ አልጋ ተኝቼ ነበር» ለማለት ሥልጣን ያለው፣ ተኝቶበት የተነሣ ነውና፣ በዚህ ምርጫ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ጥበብ ያለ ይመስለኛል።

ደም መስጠትም ከማስታመም ይቆጠራል። ጤናማ ሆኖ ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ያላነሰ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ስለሚችል፣ ባልንጀራው ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረበት ሰው ብርቱካን ከመግዛቱ በፊት ወደ ደም ባንክ ጎራ ቢል ወጪው ያነሰ፣ ጥቅሙ የበዛ ጥየቃ ይሆንለታል።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ የሰርግ ያህል ሰው የሚያበላ ብረት ድስት አለን፤ ጡሩምባ የተነፋ እንደሆነ በሌሊት የማይነሣ የለም፤ ለቀብር የቀረ አባል ስሙ ተጠርቶ መቀጫ ይከፍላል። አልጋ ላይ ላለ አባል ጥቂት ገንዘብ የሚሰጡ እድሮች መኖራቸውም ያስመሰግናል፤ ነገር ግን ለማስታመም ሳይመጣ የቀረ ሰው ስሙ የሚጠራበት መዝገብ እስከ ዛሬ አላየሁም። ለሞተው ይህን ያህል የተደራጀ ሰፈር ለታመመው በደብተር የተጻፈ ተራ ማውጣት አያቅተውም፤ ሰኞ ውሃ የሚቀዳ፣ ማክሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ በቀጠሮ ቀን ታክሲ ይዞ አብሮ የሚሄድና ሐኪሙ የሚለውን የሚሰማ፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ደጁን የሚያንኳኳ ሰው ስሙ ቢጻፍ ይበቃል። የሌሊቱም ተራ አይዘንጋ፤ ከላይ የጠቀስኋት የደብተሯ ባለቤት ባልንጀራዋ እስክትድን ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የምታድረው፤ ስፌቱ በወጣ ማግሥት እሷ ራሷ በትኩሳት ተኛች፤ ለጥየቃ የመጣው ሕዝብም ብርቱካኑን ይዞ ወደ ሁለተኛው አጥር ዞረ።