የባቡር ሞዴል ምን ያህል ዝርዝር ይሸከማል?



ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ ሐረጎ ላይ ሲደርስ ከተማዋን ከላይ ያያታል። ጣሪያው ይታያል፣ መንገዱ ይታያል፤ የበሩ እጀታና የመስኮቱ ፍርግርግ ግን አይለይም። የዛሬው ርእሴ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ሆኖ ሳለ ነገሬን ከሐረጎ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሞዴልን የምናየው እንደዚያው ከሩቅና ከላይ ነው።

ጥያቄውን ያመጡልኝ የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያን የባቡር መስመር በሞዴል ለማሳየት የተነሡ ተማሪዎች ናቸው። ሐዲዱን፣ ድልድዩንና ዋሻውን በተመለከተ ብዙም አልተከራከሩም። የተከፋፈሉት በሎኮሞቲቩ ነው። ከፊሎቹ እያንዳንዱ ብሎን ሳይቀር ይሠራ አሉ፤ ከፊሎቹ ቅርጽና ቀለም ይበቃል አሉ።

ለዚህ ክርክር የመጀመሪያው ዳኛ ዓይን ነው። ጤናማ ዓይን ሁለት ተቀራራቢ ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ሲሆን ነው። ይህ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። መስፈርታችን 1 ለ 87 ከሆነ ይህች ቅንጣት በእውነተኛው ሎኮሞቲቭ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ናት፤ በ1 ለ 160 ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር። ተመልካቹ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ከቆመ ወሰኑ ወደ 38 እና ወደ 70 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ራሱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን በትልቁ መስፈርት ለቀረበ ሰው ብቻ ይታያል፤ በትንሹ መስፈርት ለቀረበውም ብዙ አይረባውም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በነጭ ጀርባ ላይ የተሰመረ አንድ ጥቁር መስመር ከዚህ ወሰን ቀጥኖም ይታያል። ብሎኑን ብትተዉትም የብረት ገጾቹ የተጋጠሙበት መስመርና የበሩ ጠርዝ ጥላ ሊቀሩ አይገባም።

ሁለተኛው ዳኛ መሣሪያው ነው። በየቤተ ሙከራው የተለመደው ፕላስቲክ የሚያቀልጥ ስሪዲ ፕሪንተር የአፍንጫው ስፋት ብዙውን ጊዜ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሆነው የእጅ መደገፊያ ቧንቧ በ1 ለ 87 0.34፣ በ1 ለ 160 ደግሞ 0.19 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው፣ ከዚህ አፍንጫ የሚወጣው 35 ወይም 64 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቧንቧ ይመስላል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሞዴሌ ላይ ይህንኑ አድርጌ የአጥር ወራጅ የተሸከመ ባቡር አወጣሁ። የወፈረ ዝርዝር ከጎደለ ዝርዝር ይበልጥ ዓይን ይወጋል። ቀጭን የመዳብ ሽቦ በእጅ መትከል፣ እርሱም ካልተቻለ መስመሩን በቀለም ብቻ ማሳየት ይሻላል። ቀለሙም ቢሆን ይለካል፤ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የብሩሽ ቀለም በ1 ለ 87 ወደ 9 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ልባስ ነው፤ የደከማችሁበትን ሁሉ ይቀብረዋል።

እንግዲህ ልፋቱ የት ይዋል? ጣሪያው ላይ። የእንፋሎት ባቡር ውበቱ በጎኑ፣ በመንኮራኩሩና በዘንጎቹ ነበር። የዚህ መስመር ንድፍ ግን ለ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ፓንቶግራፉንና ኢንሱሌተሮቹን የሚሸከመው በራሱ ላይ ነው። ከላይ የሚመለከት ሰው መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው። 22 ሜትር የሚሆን ሎኮሞቲቭ በ1 ለ 87 25 ሳንቲ ሜትር፣ በ1 ለ 160 ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በዚህ ርዝመት ላይ በጥንቃቄ የተሠራ አንድ ፓንቶግራፍ ከመቶ ብሎን ይልቃል። ከሆዱ በታች ያለውን ግን ጥቁር ቀብታችሁ እለፉት።

ሦስተኛውና ለእኔ ከባዱ ዳኛ እውቀት ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረውና 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መስመር ሐዲዱ ኮምቦልቻን አቋርጦ ሳለ፣ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አልፈዋል። የከተማዋ ልጅ ሐዲዱን ያውቃል፤ ባቡሩን አያውቅም። ስለዚህ በሎኮሞቲቩ ጎን ላይ ቁጥር፣ ዓርማና የመስመር ስም ስትጽፉ የምታስመስሉት ነገር በእጃችሁ የለም። ተመልካቹ ግን የተጻፈውን ያምናል፤ ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር እምነቱ ይጸናል። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር የሚሠሩት ሎኮሞቲቮች በዚሁ 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የሚሄዱ ናቸውና አጠቃላይ ቅርጹን ከእነርሱ ውሰዱ፤ መውሰዳችሁንም በመግለጫው ላይ ጻፉ። የቁጥሩ ቦታ ባዶ ይቅር።

እስከ ብሎኑ ካልወረድን የምትሉ ድሬዳዋ ሂዱ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የአሮጌው መስመር ሎኮሞቲቮች እዚያ ቆመዋል፤ ፈቃድ አግኝቶ ሜትር ማሳረፍ ይቻላል። ብቻ የዚያ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር በመሆኑ በ1 ለ 87 11.5 ሚሊ ሜትር ይወጣዋል፤ እዚህ በሠራችሁት 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ አይቆምም። ለእርሱ ሌላ ጠረጴዛ ያስፈልጋችኋል።

ጥያቄ ካላችሁ ደስ እያለኝ እቀበላለሁ።