ስለ ኮራል ገንዳ የኤልኢዲ መብራት አመራረጥ፤ የስያሜ ችግርና የመፍትሔ ሐሳብ

ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ስያሜ ስናወጣ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፣ ቃሉ በውጭ ቋንቋ ምን እንደሚባል ብቻ ሳይሆን፣ ስያሜውን የሚያነበው ሰው በእርሱ ተመርቶ ምን እንደሚያደርግ ጭምር ነው። ይህን ለማስረዳት፣ በመኖሪያ ቤት በመስታወት ገንዳ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች የኤልኢዲ መብራት ሲመርጡ የሚያጋጥሟቸውን ቃላት በምሳሌነት ወስደናል። ሥራው የጥቂቶች የትርፍ ጊዜ ሥራ ቢሆንም፣ የቃል ስሕተቱ ሕይወት ያለውን ፍጡር የሚያጠፋ በመሆኑ ለተርጓሚ ጥሩ መፈተኛ ነው።

ከስሙ እንጀምር። ኮራልን ‹ዛጎል› ብሎ መተርጐም አሳሳች ነው። ዛጎል የቀንድ አውጣና የመሰሎቹ ጠንካራ ልባስ ነው፤ ኮራል ግን ራሱ እንስሳ ነው። ሪፍ የሚሠሩት የኮራል ዓይነቶች ፖሊፕ በሚባሉ ጥቃቅን አካላት ተያይዘው እየኖሩ ከሥራቸው የካልሲየም ካርቦኔት ዐፅም ይገነባሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደቂቅ ዋቅላሚዎች (አልጌዎች) ይኖራሉ፤ እነዚህም በብርሃን አስተጻምሮ ምግብ ሠርተው አብዛኛውን ለአስተናጋጃቸው ይሰጣሉ። እንግዲህ ለኮራል ብርሃን ጌጥ ሳይሆን ቀለብ ነው። ስለዚህ ‹ኮራል› የሚለውን የውሰት ቃል እንዳለ መያዙን እንመርጣለን።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፣ በመብራቱ መግለጫ ላይ ዋት፣ ሉመን፣ ኬልቪን የሚሉ መለኪያዎች ተጽፈው እናገኛለን። ሁሉንም ‹የብርሃን መጠን› ወይም ‹የብርሃን ኃይል› ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገር ግን የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው።

ዋት መብራቱ ከኤሌክትሪክ መሥመር የሚወስደውን ፍጆታ ይነግረናል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግረንም። እኩል ዋት የሚወስዱ ሁለት መብራቶች የሚሰጡት ብርሃን እጅግ ሊለያይ ይችላል።

ሉመን ብርሃንን የሚለካው በሰው ዓይን ሚዛን ነው። በብሩህ ቦታ ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚቀበለው 555 ናኖሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት ያለውን ቢጫ አዘል አረንጓዴ ብርሃን ነው። የ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ብርሃን ግን በዚሁ ሚዛን ከመቶ 4 ያህል ብቻ ይቈጠርለታል። የኮራል ዋቅላሚዎች በይበልጥ የሚጠቀሙት ደግሞ ይህንኑ ሰማያዊውን ክፍል ነው። ስለሆነም ለዓይን ደብዛዛ የሚመስለውና በሉመን ያነሰው መብራት ለኮራሉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ለሉመን ‹ድምቀት› የሚለውን ቃል የምናቀርበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድምቀት ለተመልካች የሚታይ ነገር መሆኑን ቃሉ ራሱ ያስታውሰናል።

ኬልቪን የሚባለው መስፈርት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። የቀትር ፀሐይ ብርሃን ከ5,500 እስከ 6,500 ኬልቪን ሲገመት፣ ለኮራል የሚሸጡ መብራቶች 14,000 ወይም 20,000 ይባላሉ። ይህ ቍጥር ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ‹ሙቀቱ 20,000 ኬልቪን የሆነ መብራት› ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ አንባቢው ውሃው እንዳይፈላ እንዲሠጋ ያደርገዋል። ‹የቀለም ሙቀት› የሚለው ጥምረት ሳይነጣጠል ሊጻፍ ይገባል። መስፈርቱ የብርሃኑን ብዛት እንደማይናገርም መታወቅ አለበት። በአንጻሩ፣ ኤልኢዲ ከቶ አይሞቅም ማለትም ስሕተት ነው፤ ወደ ውሃው የሚልከው ጨረር ሙቀቱ ጥቂት ቢሆንም፣ መብራቱ ራሱ ስለሚግል የብረት ማቀዝቀዣ ወይም ማራገቢያ ያስፈልገዋል።

ለኮራሉ የሚጠቅመው መለኪያ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ በእያንዳንዱ ሴኮንድ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፉትን ፎቶኖች የሚቈጥረው ሲሆን፣ አሐዱ ማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሴኮንድ ነው። ለዚህ ጨረር ‹አስተጻማሪ ጨረር› የሚል ስያሜ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በዚህ አባባል ጨረሩ ራሱ ሠሪ ይሆናል፤ የሚያስተጻምረው ዋቅላሚው እንጂ ጨረሩ አይደለም። ስለዚህ ‹የአስተጻምሮ ጨረር› የሚለውን እንመርጣለን። ይኸው ጨረር በመብራት ለሚለሙ ዕፀዋትም ስለሚለካ፣ ስያሜው ከኮራል ገንዳ ውጭም ያገለግላል።

አሳዳጊዎች በልምድ እንደሚመሩበት፣ ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ እንደ አክሮፖራ ያሉት ቅርንጫፋማ ዐፅመ ደንዳኖች ደግሞ ከ200 እስከ 350 ማይክሮሞል ያህል ይፈልጋሉ። ልኬቱ መወሰድ ያለበት በመብራቱ ሥር ሳይሆን፣ ኮራሉ በሚቀመጥበት ጥልቀት ነው። በዚህ ስፍራ ‹ጥንካሬ› የሚለውን ቃል እንድንተወው እናሳስባለን፤ ‹ጠንካራ መብራት› በአማርኛ የማይሰበር መብራት ማለት ይሆናልና።

ጨረሩ ሲበዛም ጕዳት አለ። ኮራሉ ሲጨነቅ ዋቅላሚዎቹን ያጣል፤ ሥጋው ብርሃን አሳላፊ ስለሚሆን ነጩ ዐፅም ይታያል። ይህን ‹ማንጣት› ብሎ መተርጐም አድራጊ ያለበት ያስመስለዋል፤ ‹መንጣት› ግን በራሱ የሚደርሰውን ለውጥ ይገልጻል። የነጣ ኮራል ወዲያው የሞተ አይደለም፤ ሁኔታው በጊዜ ከተስተካከለ ሊያገግም ይችላል። ‹ሞተ› ብሎ የተረጐመ ሰው ግን አሳዳጊው ገና በሕይወት ያለውን እንዲጥል ይፈርዳል። አዲስ መብራት ሲገጠም ብርሃኑን ከዝቅተኛ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ከፍ ማድረግ የሚመከረውም መንጣትን ለመከላከል ነው።

በዚህ መሠረት ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው።

ድምቀት፦ በሰው ዓይን ሚዛን የሚለካ ብርሃን፤ አሐዱ ሉመን።
የቀለም ሙቀት፦ ብርሃኑ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን የሚያሳይ መስፈርት፤ አሐዱ ኬልቪን።
የአስተጻምሮ ጨረር፦ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው፣ ለብርሃን አስተጻምሮ የሚያገለግል ጨረር።
መንጣት፦ ኮራል ዋቅላሚዎቹን በማጣት ነጭ መሆኑ።

‹ብርሃን› የሚለው ጥንታዊ ቃላችን ለሁሉም ጥላ ሆኖ ይኖራል። በጥላው ሥር ያሉትን መለየት ግን የተርጓሚው ድርሻ ነው፤ በጽሑፉ ተመርቶ መብራት የሚገዛው ሰው የሚያጠግበው ዓይኑን ይሁን ኮራሉን የሚያውቀው በዚህ ልዩነት ነውና።