ማሞቂያው ለብ ያለ አየር ብቻ ሲሰጥ

አንባቢ ሆይ፤ በታኅሣሥ ማለዳ ወደ ጣርማ በር ሲወጡ የመኪናዎ ማሞቂያ ለብ ያለ አየር ብቻ ቢሰጥ፥ ጉዳቱ የእግር ብርድ ብቻ አይደለም፤ የፊት መስተዋቱ እንፋሎት ይለብስና ገደሉ ይሰወርብዎታል።

አስቀድመው ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ የራዲያተሩን ውሃ ይመልከቱ። እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ፊትን ማስለብለብ ነው። ውሃው ካልጎደለ ቴርሞስታቱን ይጠርጥሩ። ይህች ትንሽ በር ውሃው 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ ታግዳለች፤ ተከፍታ ከቀረች ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም። የእኔን አንድ መካኒክ «ለአገራችን አታስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሏት ኖሯል! ደብረ ብርሃን አድሮ የማያውቅ ሰው ይመስለኛል። አዲስ ሳስገባ ማሞቂያው ዳነ።

ቴርሞስታቱ ደኅና ከሆነ፥ ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ የማሞቂያውን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ቀስ ብለው ይዳስሱ፤ አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ፥ ውስጡ በዝገት ሳይደፈን አይቀርምና ይታጠብ።