ደገኛነት ከተራራ ሕመም አያድንም

ከሰቆጣ ለጫጉላ ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄዱ ጥንዶች የሚቀባበሉት ምክር መልኩን እየቀያየረ በየቻናሉ ይዞራል። እኛ ዋጎች ደገኞች ስለሆንን ከፍታ አይነካንም፤ ራስ ምታት ቢመጣም ነጭ ሽንኩርትና አንድ መለኪያ አረቄ ይበቃል ይላል። በጤና ሙያ ላይ ላለ ሰው ይህ ተስቆበት የሚታለፍ አይደለም። ጃኬት መያዝና የመንገዱን ጸጥታ አስቀድሞ ማጣራት የታወቀ ነውና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

1. ተራራ ላይ ኦክስጅን አያልቅም። በአየር ውስጥ ያለው ድርሻ ጣና ዳርም ራስ ዳሽን ላይም 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚወርደው የአየሩ ግፊት ነው። 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የጨነቅ ማደሪያ ግፊቱ የባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

2. የደገኛነቱ ወሬ ከባዶ አልተነሳም። በፈረንጆቹ 2002 የታተመ ጥናት ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ ከ95 በመቶ በላይ መሆኑን አግኝቷል። ሄሞግሎቢናቸውም እንደ አንዲስ ተራራ ነዋሪዎች አልጨመረም። ድንቅ ውጤት ነው፤ ግን የተለኩት እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሰቆጣ 2,200 ሜትር ገደማ ነው፣ የዝቋላና የአበርገሌ ቆላ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይወርዳል። ከተከዜ ማዶ ያለ ጎረቤት የለመደውን ከፍታ የኛ ሳንባ ለምዶታል ማለት አይደለም።

3. መኪናው። ከአረቄውም ከነጭ ሽንኩርቱም ይልቅ ሰው የሚያሳምመው እሱ ነው። ከደባርቅ በሳንቃበር አድርጎ ጨነቅ የሚያደርስ መንገድ ስላለ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ጎንደር ያደሩ ጥንዶች በማግስቱ ማታ ጨነቅ ድንኳን ይተክላሉ። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር! ዋሊያ ለማየት መጣደፋቸው ይገባኛል። ዋናው ነገር ግን የሚታደርበት ከፍታ ነው፤ ቀን ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ብዙም አይከፋም። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ የሕክምና ምክር ነው። አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ አንድ ሌሊት ሳንቃበር፣ ከዚያ ጨነቅ። ዕረፍታችን አጭር ነው፣ ገንዘብም ያልቃል የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። እንግዲያው ጉዞው ሳንቃበር ላይ ይብቃ፤ ጭላዳ እዚያም ሞልቷል።

ስፖርተኛ ነኝ የሚለውም ይስማ። የአካል ብቃት ከተራራ ሕመም አይከላከልም፤ እንዲያውም ጎበዙ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ ይታመማል። አረቄ ቆዳን ቢያሞቅም የሰውነትን ሙቀት ያባክናል፣ በእንቅልፍ ላይም ትንፋሽን ያዳክማል። ነጭ ሽንኩርት ቦታው ድስት ውስጥ ነው። አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፤ የሚታዘዘው ግን ሐኪም ጋ እንጂ ኮሜንት ላይ አይደለም። ሙሽራዋ ነፍሰ ጡር ከሆነችም ከጉዞው በፊት ሐኪም ታማክር።

ጥንድ ሆኖ መሄድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ታማሚው ደህና ነኝ ይላል፤ የሚያስተውለው ጓደኛው ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ከፍታ አይጨመርም። አንዱ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው አንጎሉ እያበጠ ወይም ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላልና ሳይነጋ ሁለቱም ይውረዱ። ወደ ራስ ዳሽን ለሚሻገሩ ግን መውረድ ቀላል አይደለም። ከጨነቅ በቧሂት ያለው መተላለፊያ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከማዶ የታመመ ሰው ወደ ኋላ ልመለስ ቢል መጀመሪያ የሚጠብቀው ዳገት ነው። ስለዚህ ወደ መሸሃ ሸለቆ መውረድ ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ አንድ ግለሰብ በስልኩ ሊጽፈው ባልተገባ ነበር። በየግድግዳው የሚለጠፉት ፖስተሮች የስሜን ተራሮች ፓርክ በፈረንጆቹ 1978 በዩኔስኮ መመዝገቡን፣ በፈረንጆቹ 2017 ከአደጋ መዝገብ መውጣቱን ይነግሩናል፤ ስለ ከፍታ አንድ መስመር ያለበትን ፈልጉ እስቲ። ፓርኩ ለመግባት የታጠቀ ስካውት መያዝ ግዴታ ነው። ጠመንጃ ግዴታ ከሆነ፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጥ የኦክስጅን መለኪያ ግዴታ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?